ምዕራፍ አምስት፦ የባህር ዛፉ ሒሳብ

ከወረታ ተነስቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ በአንዱ በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ሁለት አገር ያያል። ታች ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ጓያ ነው። ዳገቱ ሲያልቅ ደግሞ በየደጁ፣ በየድንበሩ፣ በየገደሉ አፋፍ ባህር ዛፍ ይቆማል። ደብረ ታቦርን አልፎ በጉና ተራራ ግርጌ ወደ ነፋስ መውጫ ሲቀጥል ዛፉ ከገደሉ አፋፍ ወርዶ፣ ገብስና ድንች ይበቅልበት የነበረ ማሳ ውስጥ ገብቶ ያገኘዋል።

ስለዚህ ዛፍ ሁለት ወገን ይከራከራል። አንዱ ወገን ዛፉ ምንጭ አደረቀ፣ አፈር አከሳ፣ የእህል መሬት በላ ይላል። ሌላው ወገን፣ አብዛኛውን ጊዜ ተካዩ ራሱ፣ ቤቴን ቆርቆሮ ያለበሰው፣ ልጄን ያስተማረው እሱ ነው ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው። ክርክሩ መቋጫ ያጣው አንዳቸው ስለዋሹ አይመስለኝም። አንድን ማሳ ለባህር ዛፍ መስጠት በእርግጥ ምን ያህል ያስከፍላል የሚለውን ጥያቄ ሁለቱም ስላልጠየቁት ነው።

በሁለተኛው ምዕራፍ በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በዘይት፣ በስኳርና በሌሎች መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ባበጀ ጊዜ የሆነውን አይተናል። ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ የተጣለው ጣሪያ ተነሣ። እዚያ የተነጋገርነው በግልጽ ስለተጻፈ ዋጋ ነበር። በዚህ ምዕራፍ የምናየው ግን ማንም የማይጽፈው፣ ደረሰኝ የማይቆረጥለት ዋጋ ነው። የኢኮኖሚ ትምህርት ለተራው ሰው ኑሮ ካበረከታቸው ሐሳቦች ሁሉ ጠቃሚው ይኸኛው ይመስለኛል።

ከኪስ የማይወጣ ወጪ

ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ በገዛ ቤቱ በር ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው እናስብ። «ኪራይ የለብኝም፤ ስለዚህ የማገኘው ሁሉ ትርፍ ነው» ይላል። ቤቱን ለሌላ ነጋዴ ቢያከራየው በወር 5,000 ብር ያገኝ ነበር እንበል። ሱቁ ደግሞ በወር 4,000 ብር ያስገባለታል። ከኪሱ አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ ነገር ግን በየወሩ 1,000 ብር እየቀረበት፣ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ሥር ተቀምጦ የሚደክመውን ድካምም በነጻ እየሰጠ ነው።

ባለሙያዎች ይህን «የአማራጭ ዋጋ» ይሉታል። አንድን ነገር ስንመርጥ ከተውናቸው አማራጮች መካከል የተሻለው ያስገኝልን የነበረው ጥቅም ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የተውናቸው ሁሉ ተደምረው አይደለም። ባለሱቁ ቤቱን ለነጋዴ ከማከራየት በተጨማሪ መጋዘን ሊያደርገው፣ ለተማሪዎች ሊያከራየው ይችል ነበር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግን ሊያደርግ አይችልም። የቀረበት አንዱ፣ የተሻለው ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ይወጣል፤ የምዕራፉ ዋና ነገርም እሱ ነው። የአማራጭ ዋጋ የሚለካው ሰውየው ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር በሚለው ስለሆነ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ለሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ዋጋ አለው። ይህን ይዘን ወደ ማሳው እንመለስ።

አንድ ጥማድ፣ ሁለት ባለቤቶች

ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በግምት የሄክታር ሩብ ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ፣ አፈራቸውም ዝናባቸውም አንድ የሆነ ሁለት ጥማድ መሬቶች አሉ እንበል። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ሒሳቡ እንዲታይ ብዬ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አንባቢ የራሱን ቀበሌ ዋጋ እየተካ ቢያሰላው ደስ ይለኛል።

አንዱ ጥማድ ጥንድ በሬና የደረሱ ወንዶች ልጆች ያሉት ገበሬ ነው። በዓመት የ20,000 ብር ገብስ ያነሣል፤ ለዘርና ለማዳበሪያ 6,000 ብር ያወጣል፤ 14,000 ብር ይቀረዋል። ሁለተኛው ጥማድ ባላቸው የሞተባቸው፣ በሬ የሌላቸው እናት ነው። በደጋው ልማድ ሴት እርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ እኒህ እናት መሬታቸውን ለበሬ ባለቤት በእኩል ይሰጣሉ። ምርቱም ወጪውም ለሁለት ይከፈልና እጃቸው የሚገባው 7,000 ብር ነው።

አሁን ባህር ዛፍ ይምጣ። ዛፉ በአምስተኛው ዓመት ተሸጦ 50,000 ብር ያወጣል እንበል፤ በዓመት ሲካፈል 10,000 ብር። በሬ ያለው ገበሬ ባህር ዛፍ ቢተክል 10,000 ለማግኘት 14,000 ይተዋል፤ አይተክልም። እኒያ እናት ግን 10,000 ለማግኘት የሚተዉት 7,000 ብቻ ነው። ዛፉን ይተክላሉ።

የሁለቱም ሒሳብ ልክ ነው። ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ግን አንዱን «አርቆ አሳቢ»፣ ሌላይቱን «እህል የሚያበቅል መሬት የምታባክን» ሊላቸው ይችላል። ባህር ዛፍ የበዛበት ማሳ ሳይ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አፈሩ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ነው። በሬ አለው? ጉልበት አለው? ወይስ ልጆቹ ለሥራ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል? ዛፍ ከተተከለ በኋላ በየዓመቱ አራሽ፣ አራሚ፣ አጫጅ አይፈልግም። ሽማግሌ ያሳድገዋል። ከተማ የገባ ልጅም በስልክ ያሳድገዋል።

ማዳበሪያው ተወደደ እንበል፤ የዘርና የማዳበሪያው ወጪ ከ6,000 ወደ 10,000 ብር ወጣ። በሬ ላለው ገበሬ የሚቀረው 10,000 ይሆናል፤ ከዛፉ ጋር እኩል ማለት ነው። ትናንት ለባህር ዛፍ ፊቱን ያዞረው ሰው ዛሬ ያመነታል። ለእናቲቱ ደግሞ የገብሱ ድርሻ ወደ 5,000 ይወርዳል። ስለ ባህር ዛፍ አንድም ደንብ ሳይወጣ፣ አንድም ችግኝ ሳይታደል፣ በማዳበሪያ ዋጋ ብቻ ዛፉ ወደ ማሳ ይገፋል። የባህር ዛፍ ስብሰባ ሲጠራ የማዳበሪያ አቅርቦት ኃላፊው አብሮ መጠራት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የሚጎድል ነገር እንዳለ አንባቢ ሳያስተውል አልቀረም፤ ገብሱ በየዓመቱ ይበላል፣ ዛፉ አምስት ዓመት ያስጠብቃል። በመሐል ምን ይበላል? እንግዲህ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ 10,000 ብር ዛሬ ካለ 10,000 ብር ያንሳል። ለተራበ ሰው ደግሞ በጣም ያንሳል። በመሆኑም የመጨረሻው ድሃ መሬቱን ሁሉ ዛፍ አያለብሰውም፤ ድንበሩን ወይም የከሳውን ጠርዝ ብቻ ይተክላል። ማሳውን ሙሉ የሚተክለው ሌላ ገቢ ያለው ነው፤ ደመወዝተኛው፣ ነጋዴው፣ ልጅ የሚልክለት።

ቆሞ የሚጠብቅ ገንዘብ

ድንች የሚያመርት ገበሬ ድንቹ ሲደርስ ገበያው የሰጠውን ዋጋ ይቀበላል። የጎረቤቱም ድንች ያው ሳምንት ይደርሳልና። መንገድ ከተዘጋም ድንቹ ይበሰብሳል። ባህር ዛፍ ግን ዋጋ ሲወርድ ቆሞ ይጠብቃል፤ እየጠበቀም ያድጋል። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ ተዝካር ሲደርስ የሚያስፈልገው ያህል ይቆረጣል። ከቀጭኑ ማገርና አጠና ይወጣል፣ ከወፈረው ቋሚና ወራጅ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሞራሌ፤ ቅጠሉና ጭራሮው ምድጃ ይገባል። ምሰሶው በመተማ በኩል ሱዳን ድረስ የተሻገረበት ጊዜ አለ። ጉቶው ደግሞ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሁለተኛው ዙር ችግኝም ቁፋሮም አይጠይቅም። የኑሮ ውድነት ባንክ ያለውን ብር በየዓመቱ በሚሸረሽርበት አገር፣ ከዋጋ ጋር አብሮ የሚያድግ ቁጠባ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ሕግ አለ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚያው አንቀጽ ግን ሰው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራው ንብረት የራሱ ነው። ገበሬው የሚሸጠው መሬት የለውም፤ የሚሸጠው ዛፍ ግን አለው። በዚህ ላይ የአማራ ክልል ገበሬ በ1989 ዓ.ም. የተካሄደውን የመሬት ድልድል ያስታውሳል፤ ብዙ ሰው ያረሰው መሬት ተቆርሶ ለሌላ ሲሰጥ አይቷል። ከዚያ ወዲህ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጥቷል፤ ስጋቱም ቀንሷል። ቢሆንም ስጋት ባለበት ሁሉ፣ ድካሙን «የእኔ ነው» ሊባል ወደሚችል ነገር የሚቀይር ሰው አስተዋይ ነው።

ኩበቱ

የባህር ዛፍ ተቃዋሚዎች ዛፉ አፈር ያከሳል ሲሉ እውነት አላቸው። ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሥሩ ከሰብል ጋር ይሻማል፣ ከሥሩ ሣር እንኳ እንደልብ አይበቅልም። ታዲያ ዛፉ ባይኖርስ?

የአማራጭ ዋጋ ጥያቄ እዚህም ያስፈልገናል። ባህር ዛፍ በሌለበት ደጋ ሰው ምግቡን ሳያበስል አያድርም፤ የሚያነደው ኩበት ነው። ኩበት ሲነድ ደግሞ ለገብሱ ማሳ ይሆን የነበረው ፍግ አመድ ይሆናል። ስለዚህ የኩበት ዋጋ ገበያ ላይ የሚሸጥበት ብር ብቻ አይደለም። በቀጣዩ ክረምት ማሳው ሳያበቅለው የቀረው እህልም አለበት፤ ያንን ለመተካት የሚገዛው የማዳበሪያ ኩንታልም እንደዚያው። በቤቱ ጓሮ የቆመ ባህር ዛፍ ከአንድ ማሳ አፈር ሲወስድ ለሌሎቹ ማሳዎች ፍግ ያተርፋል። ክርክሩ ውስጥ ይህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ብዙም አላይም። መቀመጥ አለበት።

የደብሩ ደን

ደቡብ ጎንደር በዓለም ሳይንቲስቶች ዘንድ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዞኑ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ይዘው ቆመዋል። በታረሰው አገር መሐል ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴ ክብ እሱ ነው። ወፉ፣ ንቡ፣ የአገር በቀል ዛፉ ዘር የተረፈው እዚያ ነው።

እዚህም ባህር ዛፍ ገብቷል። በአንዳንድ ደብር ያስተከሉት ካህናቱና ሰበካ ጉባኤው ራሳቸው ናቸው። ይህን «ቅርስን መናቅ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አብሬያቸው አልልም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደርበትን መሬት ወሰደ። ቆርቆሮው ግን አሁንም ያረጃል፣ አገልጋዩም ይበላል። ጽድ በዝግታ ያድጋል፤ አድጎም ቢሆን መቁረጡ ነውር ነው። ከአገር በቀሉ ደን የሚገኘው ጥቅም ለብዙ ሰው ይበተናል፤ የሰፈሩ ንብ አናቢ፣ ከታች ያለው ምንጭ፣ ማሳው በነፍሳት የሚዳቀልለት ገበሬ ይካፈሉታል። ለደብሩ ሣጥን ግን ብር አያስገባም። ባህር ዛፉ ያስገባል። ጥቅሙን የሚያገኘው አንድ፣ ወጪውን የሚሸከመው ሌላ በሚሆንበት ጊዜ እንዲህ ያለ ምርጫ ይመጣል። ልብ ለማስተካከል መስበክ ብቻውን አይበቃም።

የበቃ ነገር ግን ተገኝቷል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በበርካታ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲታጠር አድርገዋል። ካቡ ከብት ያግዳል፤ ከብት ካልገባ ችግኝ ይበቅላል። ድንጋዩ የመጣው ከአካባቢው ማሳ ነው። ገበሬው ማረሻውን የሚሰብርበትን ድንጋይ ሲለቅም ማሳው ይጸዳለታል፣ ደብሩም አጥር ያገኛል። ለድንጋዩ ገበሬው ሌላ ጥቅም አልነበረውም፤ የአማራጭ ዋጋው ከዜሮ በታች ነበር ማለት ይቻላል። ሲሚንቶ ጭነን እንምጣ ቢባል ኖሮ ሥራው እዚያው ይቆም ነበር።

ጎረቤት የሚከፍለው

እስካሁን ለተካዩ ስከራከር ቆይቻለሁ። አሁን ወደ ጎረቤቱ እንሂድ።

ባህር ዛፍ ድንበር ላይ ሲተከል ጥላውና ሥሩ የጎረቤትን ገብስ ይጎዳል። ተካዩ ሒሳቡን ሲሠራ ይህን አይቆጥረውም፤ ከእሱ ገብስ አልጎደለማ። ጎረቤቱ ቦይ ቆፍሮ ሥሩን ይቆርጣል፤ ካልሆነለት የከሳበትን የማሳ ጫፍ እሱም ዛፍ ይተክልበታል። ያን ጊዜ የሦስተኛው ሰው ተራ ይሆናል። እያንዳንዱ የራሱን በትክክል አስልቶ ሁሉም አንድ ላይ ሊመርጡት የማይፈልጉት ቦታ ይደርሳሉ።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ባህር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል፤ በፍጥነት የሚያድግ ነገር ብዙ ይጠጣል። ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ እንጨት ሲመዘን አባካኝ እንዳልሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። ምንጭ ራስ ላይ ሲተከል ግን ቁም ነገሩ በኪሎ የሚጠጣው ሳይሆን በጠቅላላው የሚጠጣው ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ይነሣሉ፤ የፎገራ ሜዳ የሚጠጣው ከእነሱ ነው። ላይኛው ገበሬ የተከለውን ዛፍ በከፊል የሚከፍልለት ታችኛው የሩዝ ገበሬ ነው።

ፎገራን ካነሣን አይቀር፣ እዚያ ባህር ዛፍ ሜዳውን ያልወረሰው ለምን እንደሆነ እንመልከት። እዚያ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ሜዳው ላይ ውሃ ያስተኛል፤ ድሮ ይህ እንደ ጉዳት ይታይ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ፤ ሩዙ ያዘ። አሁን ሩዝ ታጭዶ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል፣ መስኖ ያለው ሽንኩርት ይተክላል። አንድን የፎገራ ማሳ ለባህር ዛፍ የሚሰጥ ሰው ይህን ሁሉ ይተዋል። ሩዙን ማንም በባህር ዛፍ ላይ ባወጣው ክልከላ አላመጣውም፤ ሩዙ ግን ክልከላ ሊሠራው ያልቻለውን ሠራ።

ክልከላ ተሞክሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዛፉን አዲስ አበባ ካስተከሉ ከዓመታት በኋላ፣ በ1913 እ.ኤ.አ. አብዛኛው ባህር ዛፍ ተነቅሎ በምትኩ ለሐር ትል የሚሆን እንጆሪ እንዲተከል ታዝዞ ነበር። ትእዛዙ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ከተማዋ የምታነደውም የምትሠራበትም ሌላ እንጨት አልነበራትም። በትግራይ በ1997 እ.ኤ.አ. የክልሉ መንግሥት በእርሻ መሬት ላይ ባህር ዛፍ መትከልን ከለከለ። ዓላማው የእህል መሬትን ማዳን ነበር፤ ጥሩ ዓላማ ነው። ሆኖም ክልከላ ለሁሉም እኩል ይመስላል እንጂ እኩል አይከብድም። በሬ ላለው ገበሬ ምንም አይጎድልበትም፤ ቀድሞም አይተክልም ነበር። ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው በሬ በሌላቸው በእኒያ እናት ላይ ነው።

በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ የሆነው ነገር ደግሞ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። እዚያ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር መሳይ ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብረው ይተክላሉ፣ በመሐሉ ሣሩን ያጭዳሉ፣ ሲደርስ ከሰል አክስለው ይሸጡና መሬቱን ወደ እህል ይመልሱታል። ዛፉ አፈር ያደልባል፤ ጉቶውም እንደ ባህር ዛፍ ጉቶ አያስቸግርም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሽታ ጎድቶታል፤ በአንድ ዛፍ ላይ መንጠልጠል አደጋ እንዳለው ከዚህም መማር ይገባል። ግን ገበሬው ወደዚያ ዛፍ የሄደው ተገድዶ አልነበረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እኔ ብጠየቅ ሕጉን ከዛፉ ላይ አንሥቼ ቦታው ላይ አኖረዋለሁ። ምንጭ ራስ፣ ወንዝ ዳር፣ በመስኖ የሚለማ መሬት፣ ከጎረቤት ድንበር በተወሰነ እርምጃ ውስጥ ባህር ዛፍ አይተከል። እዚያ ወጪውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ የመንግሥት እጅ ተገቢ ነው። ርቀቱን ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ከመወሰን ቀበሌው ራሱ ቢወስነው ይሻላል፤ የማን ምንጭ እንደደረቀ የሚያውቀው እሱ ነው። ገደሉ አፋፍ፣ የከሳው ጠርዝ፣ የጓሮው ጥግ ለዛፉ ይተው።

የቀረው ሥራ ማሳው ላይ ያለውን ሌላ አማራጭ ማሳደግ ነው፤ ማዳበሪያ በወቅቱና በሚቻል ዋጋ፣ የተሻለ የድንችና የገብስ ዘር፣ ድንች ሳይበሰብስ የሚያቆይ ማከማቻ፣ በሬ ለሌለው በጋራ የሚያርስ ጥንድ በሬ። ይህ ከክልከላ ይከብዳል፣ ጊዜም ይወስዳል።

ስለዚህ አንባቢዬ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ካለህ፣ የወረዳ ባለሙያ ከሆንህ፣ ወይም ስለዚህ ጉዳይ ድምፅ መስጠት የሚገባሽ ከሆነ፣ «ባህር ዛፍ ይከልከል?» የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ እኒያ በሬ የሌላቸው እናት ዛፉን ባይተክሉ በዚያ ጥማድ ላይ ምን ያደርጋሉ? መልስ የሚሰጥ ሰው ስብሰባው ውስጥ ከሌለ ውሳኔው ይቆይና እሳቸው ራሳቸው ተጠርተው ይጠየቁ።